በእርምጃ የሚሰላ ለውጥ፦ የዲፈረንሺያል እኩልዮሾች የቁጥር ስሌት ታሪክ እና ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች ያለው ትርጉም

1. መግቢያ

የተፈጥሮ ሕግጋት ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን የአንድን ነገር መጠን ሳይሆን የለውጡን ፍጥነት ነው። ትኩስ ነገር የሚበርደው ከአካባቢው አየር በሚበልጥበት የሙቀት ልክ ነው። የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው በዚያው ቦታ ባለው ግፊት ልክ ነው። ፕላኔትም አቅጣጫዋን የምትለውጠው ከፀሐይ ባላት ርቀት መሠረት ነው። እንዲህ ያለውን የለውጥ ሕግ በሒሳብ ቋንቋ የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ይባላል። ለውጡ የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ፥ ማለትም በጊዜ ብቻ ወይም በከፍታ ብቻ ሲሆን ደግሞ ተራ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ የሚል ስም ይሰጠዋል።

የለውጡን ሕግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከሕጉ ተነሥቶ መጠኑን ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው። ለተማሪዎች የሚቀርቡት እኩልዮሾች በአብዛኛው በቀመር የሚፈቱ ሆነው የተመረጡ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ተማሪው እያንዳንዱ ጥያቄ የተደበቀ ቀመር አለው፥ የእርሱም ድርሻ ያንን ቀመር ማስታወስ ነው ወደሚል እምነት ያዘነብላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከተግባር ሥራ የሚመነጩት እኩልዮሾች አብዛኞቹ በታወቁ ፋንክሽኖች ሊጻፍ የሚችል መልስ የላቸውም። መልሳቸው የሚገኘው ከታወቀ መነሻ ተነሥቶ በትናንሽ እርምጃዎች ወደ ፊት በማስላት ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚህን በእርምጃ የማስላት ዘዴ ታሪክ በአጭሩ ያቀርባል። ሊያስረዳ የሚፈልገውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ታሪኩ ከሁሉ አስቀድሞ የመሣሪያ ታሪክ ሳይሆን ስሕተትን የመለካትና በልክ የመያዝ ታሪክ መሆኑን ነው። ሁለተኛ፥ ይኸው ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢው በተወሰዱ ምሳሌዎች፥ በወረቀትና በእርሳስ ሊሰጥ የሚችል መሆኑን ነው።

2. ከዓመት ወደ ዓመት፦ የባሕረ ሐሳብ ስሌት

በእርምጃ ማስላት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት ለማውጣት የሚያገለግል የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር የሚሰላበት መንገድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት በ11 ቀን ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የአንድ ዓመት አበቅቴ ከታወቀ በእርሱ ላይ 11 በመጨመር፥ ድምሩ ከ30 ሲያልፍም 30ን በመግደፍ የሚቀጥለው ዓመት አበቅቴ ይገኛል። ከ0 ብንነሣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25 እያለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቁም ነገር አለ። ንዑስ ቀመር የሚባለው የ19 ዓመት ዑደት የመጨረሻው ዓመት አበቅቴ 18 ነው። በተለመደው ደንብ 11 ቢጨመርበት 29 ይሆናል። ሊቃውንቱ ግን ዑደቱን እንደገና ከመነሻው ይጀምራሉ፤ ይህም በዚያ ዓመት 11 ሳይሆን 12 እንደ መጨመር ይቆጠራል። ምክንያቱም 11 የሚለው ቁጥር ተቀራራቢ እንጂ ፍጹም ስላልሆነ ነው። በየዓመቱ የሚቀረው ጥቂት ልዩነት እየተጠራቀመ ሄዶ በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይሆናል፤ ያም ቀን በአንድ ጊዜ ይታረማል።

ይኸው የ11 ቀን ልዩነት የረመዳን ጾም በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀደም እያለ እንዲመጣ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ በወሎ ያደገ ልጅ፥ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፥ ነገሩን ከሒሳብ ክፍል አስቀድሞ በቤቱ ያውቀዋል። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ መሆኑ ሲታሰብም፥ የዚህ አካባቢ ተማሪ ትምህርቱን ከባሕረ ሐሳብ ቢጀምር ከራሱ ቤት መጀመሩ ነው።

የአበቅቴ ስሌት ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ አይደለም። እርምጃው አንድ ዓመት ሆኖ የተወሰነ ነው፤ ሊያንስም ሊበዛም አይችልም። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ የምናያቸው ዘዴዎች ሁሉ የሚሠሩባቸው ሦስት ነገሮች በውስጡ ይገኛሉ፤ እነርሱም የታወቀ መነሻ፣ ከአንዱ እርምጃ ወደ ሚቀጥለው የሚያሻግር ደንብ እና የተጠራቀመውን ስሕተት የሚያርም ሥርዓት ናቸው።

3. ኮሜቷን የጠበቁት አስሊዎች

በአውሮፓ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 የስበትን ሕግ ካሳተመ በኋላ የሰማይ አካላት እንቅስቃሴ በዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ሊገለጽ ቻለ። አንዲት ፕላኔት ፀሐይን ብቻ እየታዘዘች ብትዞር መልሱ በቀመር ይገኛል። ሦስተኛ አካል ሲገባ ግን ቀመሩ ይጠፋል።

የዚህ ችግር ታላቅ ፈተና የመጣው በኮሜት ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ፥ እ.ኤ.አ. በ1682 የታየችው ኮሜት በ1758 መጨረሻ ወይም በ1759 መጀመሪያ ተመልሳ እንደምትታይ ተናግሮ ነበር። ፈረንሳዊው አሌክሲ ክሌሮ፥ ጁፒተርና ሳተርን ኮሜቷን በመሳብ ጉዞዋን ሊያዘገዩት እንደሚችሉ ተገነዘበ። ይህን ለማወቅ የኮሜቷን መንገድ በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ የሁለቱን ፕላኔቶች ስበት በየክፍሉ ማስላት አስፈለገ። ሥራውን ከእርሱ ጋር የሠሩት ዤሮም ላላንድ እና ኒኮል ሬን ለፖት የተባለች ሴት ነበሩ። ላላንድ በኋላ እንደ ተረከው ለስድስት ወራት ከጧት እስከ ማታ፥ አንዳንዴም ማዕድ ላይ ሆነው ሳይቀር አስልተዋል። የለፖትን ድርሻ ላላንድ በአድናቆት መዝግቦታል፤ ክሌሮ ግን በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስሟን አላነሣም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1758 ክሌሮ ውጤቱን አስታወቀ። ኮሜቷ ከቀድሞው ዑደቷ ጋር ሲነጻጸር 618 ቀን ትዘገያለች፤ ከዚህም 518ቱ በጁፒተር፥ 100ው በሳተርን ምክንያት ነው፤ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበውም በሚያዝያ 1759 አጋማሽ ላይ ይሆናል፤ ነገር ግን የአንድ ወር ያህል ስሕተት ሊኖር ይችላል አለ። ኮሜቷ ለፀሐይ የቀረበችው መጋቢት 13 ቀን 1759 ነበር። የስሌቱ ትልቅነት ለኮሜቷ መምጫ መቃረቡ ብቻ አይደለም። ክሌሮ ከመልሱ ጋር የስሕተቱን ልክ አብሮ መናገሩ ለዚህ ታሪክ የበለጠ ዋጋ አለው።

4. የኦይለር ዘዴ በሐረጎ ዳገት ላይ

በዚህ ዓይነት ተበታትኖ የነበረውን አሠራር ጠቅለል ባለ መልክ የጻፈው የስዊሱ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በባዝል ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ያሳለፈ ሲሆን፥ ዘዴውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው የኢንቴግራል ካልኩለስ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ነው። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። የለውጡ ፍጥነት በአጭር እርምጃ ውስጥ አይለወጥም ብለን እንገምት፤ በመነሻው ያለውን ፍጥነት በእርምጃው ርዝመት እናባዛ፤ ውጤቱን በመነሻው መጠን ላይ እንጨምር፤ ከደረስንበት አዲስ ነጥብ ተነሥተን ይህንኑ እንድገም።

ዘዴውን በቅርብ ለማየት ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል፥ ደሴ ደግሞ 2,550 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ልዩነቱ 700 ሜትር ነው። በኮምቦልቻ የአየር ግፊት 810 ሚሊባር ነው (ይህ መለኪያ በዛሬው አጠራር ሄክቶፓስካል ይባላል) ብለን እንነሣ። ለስሌት እንዲመች የአየሩን ሙቀት በመንገዱ ሁሉ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አድርገን ብንይዝ ግፊቱ በእያንዳንዱ ሜትር በዚያው ቦታ ካለው ግፊት 1/8,400 ይቀንሳል። በደሴ ያለው ግፊት ስንት ነው?

መላውን ዳገት በአንድ እርምጃ ብንወጣ ግፊቱ የሚቀንሰው በ810 ላይ በ700/8,400፥ ማለትም በ1/12 ነው። የቀነሰው 67.5፥ የቀረው 742.5 ሚሊባር ይሆናል። የዚህ እኩልዮሽ ቀመር ስለሚታወቅ ትክክለኛው መልስ 745.236 መሆኑን ማረጋገጥ እንችላለን። ስሕተቱ 2.74 ሚሊባር ያህል ነው። ዳገቱን በ350 ሜትር በሁለት እርምጃ ብንወጣ 743.906 እናገኛለን፤ ስሕተቱ ወደ 1.33 ይወርዳል። በ100 ሜትር በሰባት እርምጃ ብንወጣ 744.863 እናገኛለን፤ ስሕተቱም 0.37 ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ምሳሌ ተማሪው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛ፥ የኦይለር ዘዴ መልሱን ሁልጊዜ ከእውነተኛው በታች ያደረገው፥ በእርምጃው መነሻ ያለውን ፈጣን ቅነሳ እስከ እርምጃው ፍጻሜ ስለሚያዘልቀው ነው። ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ የቅነሳው ፍጥነትም አብሮ እንደሚቀንስ አይቆጥርም። ሁለተኛ፥ እርምጃው በግማሽ ሲያጥር ስሕተቱም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ልዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በሰጠው ትምህርት፥ እርምጃው ያለ ገደብ እያጠረ ሲሄድ የኦይለር መልስ ወደ እውነተኛው መልስ የሚቀርብ መሆኑን በማስረጃ አሳይቷል። በዚህም መሠረት ዘዴው ማስሊያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መልስ መኖሩን የማረጋገጫ መንገድም ሆነ።

5. ሩንገ፣ ሆይን እና ኩታ፦ በጥቂት ሥራ ብዙ ትክክለኛነት

እርምጃን ማሳጠር ዋጋ ያስከፍላል። የስሕተቱን መጠን በ100 እጅ ለመቀነስ በኦይለር ዘዴ 100 እጥፍ ሥራ መሥራት ያስፈልጋል። በእጅ ለሚያሰላ ሰው ይህ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት መንገዶች ተፈለጉ። እንግሊዛዊው ጆን ካውች አዳምስ የፈሳሽ ጠብታዎችን ቅርጽ ለማስላት ካለፉት በርካታ እርምጃዎች የተገኘውን የለውጥ ፍጥነት አንድ ላይ የሚጠቀም ዘዴ አወጣ፤ ዘዴውም እ.ኤ.አ. በ1883 ከፍራንሲስ ባሽፎርዝ ጋር በወጣው መጽሐፍ ታተመ። ጀርመናዊው ካርል ሩንገ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ሌላ መንገድ አቀረበ። ካርል ሆይን በ1900 እና ቪልሄልም ኩታ በ1901 ይህንኑ መንገድ አስፋፉት።

የሩንገ ሐሳብ ልምድ ያለው መንገደኛ ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል። ዳገት የሚወጣ ሰው ቁመቱን ከእግሩ ሥር ባለው መሬት ብቻ አይገምትም፤ ጥቂት ወደ ፊት ተራምዶ የመንገዱን ሁኔታ አይቶ ይገምታል። በምሳሌያችን መጀመሪያ እስከ ዳገቱ አጋማሽ፥ ማለትም እስከ 350 ሜትር በኦይለር ዘዴ ብንሄድ ግፊቱ 776.25 ይሆናል። በዚያ አጋማሽ ላይ ያለውን የቅነሳ ፍጥነት ወስደን፥ ከኮምቦልቻ ተነሥተን መላውን 700 ሜትር በዚሁ ፍጥነት ብንወጣ ቅነሳው 64.6875 ይሆናል። መልሱም 745.3125 ነው። የለውጡ ፍጥነት የተሰላው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ስሕተቱ ከ0.08 አይበልጥም። ኩታ የለውጡን ፍጥነት በአንድ እርምጃ አራት ጊዜ እያሰላ ተገቢ ክብደት በመስጠት አማካዩን ወሰደ። በዚህ ዘዴ በአንድ እርምጃ 745.236 ይገኛል፤ ከትክክለኛው መልስ ያለው ልዩነትም ከአንድ ሚሊባር አሥር ሺኛ ያንሳል። ሰባት ጊዜ በኦይለር ዘዴ ደክመን ያገኘነው 0.37 ስሕተት ያለበት መልስ እንደ ነበር ሲታወስ የእድገቱ መጠን ይገባናል።

6. የሪቻርድሰን ትንበያ

በአንድ ዳገት ላይ ያለ ግፊት ቀላል ምሳሌ ነው። ስለ መላው ከባቢ አየር እንዲህ ማስላት ይቻል እንደሆነ የጠየቀው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነበር። እርሱ መጀመሪያ ያተረፈው ዘዴ ለተማሪ እጅግ ይጠቅማል። ቀመር በማይታወቅበት ጊዜ አንዱን ስሌት በረጅም እርምጃና በግማሹ ርዝመት ሁለት ጊዜ መሥራት፥ ከዚያም ሁለቱን የተሳሳቱ መልሶች አነጻጽሮ የተሻለ መልስ ማውጣት ነው። በሐረጎ ምሳሌ በአንድ እርምጃ 742.5፥ በሁለት እርምጃ 743.906 አግኝተናል። ልዩነታቸው 1.406 ነው። ይህን በሁለተኛው መልስ ላይ ብንጨምር 745.312 ይሆናል። የልዩነቱ መጠን ራሱ የስሕተቱን ልክ የሚጠቁም በመሆኑ፥ ትክክለኛውን መልስ የማያውቅ ሰውም ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ሊገምት ይችላል።

ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ በአምቡላንስ አገልግሎት ሲሠራ የአውሮፓን አየር በቁጥር ለመተንበይ ሞከረ። የመረጠው ዕለት ግንቦት 20 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ሊያገኝ የፈለገውም የስድስት ሰዓትን ለውጥ ነበር። ውጤቱ የአየር ግፊቱ በ145 ሚሊባር ይለወጣል የሚል ሆነ። በዚያ ዕለት ግፊቱ በተጨባጭ ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም። የስሕተቱን መጠን ለመረዳት ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው ልዩነት 65 ሚሊባር ያህል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ የሪቻርድሰን ስሌት አየሩን የሐረጎን ዳገት ከሁለት ጊዜ በላይ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንዳስወጣው ያህል ነው።

ሪቻርድሰን ይህን ስሕተት አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ስሌቱን ከነውጤቱ አቀረበ። የስሕተቱ ዋና ምንጭ በመነሻው የንፋስና የግፊት ልኬቶች መካከል የነበረው አለመጣጣም መሆኑ በኋላ ታወቀ። የእርምጃ ዘዴ የተሳሳተ መነሻን አያርምም፤ ይልቁንም ከእርምጃ ወደ እርምጃ ይሸከመዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የዓለምን አየር ከጊዜው እኩል እያሰሉ የሚሄዱ 64,000 ሰዎች በአንድ ታላቅ አዳራሽ ተቀምጠው እንደሚታዩት አስቦ ጽፏል።

የታሰበው አዳራሽ አልተሠራም፤ በምትኩ ኮምፒዩተር መጣ። ኤንያክ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየ ሲሆን፥ የታቀደውም ለመድፍ ጥይት መንገድ ማውጫ ሠንጠረዦች ነበር፤ ይህም ራሱ የተራ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ቻርኒ፣ ፍዮርቶፍት እና ፎን ኖይማን በዚሁ ማሽን የመጀመሪያውን የተሳካ የአየር ትንበያ ስሌት አወጡ። የ24 ሰዓት ትንበያ ለማስላት 24 ሰዓት ያህል ፈጀ።

7. የእርምጃ ልክ ሲያልፍ

ፈጣን ማሽን ከመጣ በኋላ ችግሩ ሁሉ ያበቃ መስሎ ነበር፤ ግን አላበቃም። በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከጀበና ወደ ስኒ የተቀዳ ቡና በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ እየበረደ ነው እንበል። በየደቂቃው ከክፍሉ በሚበልጥበት ሙቀት 1/10 ፍጥነት ይቀንሳል። በ25 ደቂቃ እርምጃ የኦይለርን ዘዴ ብንጠቀም 70 ዲግሪ የነበረው ብልጫ በ175 ይቀንሳል፤ ቡናውም ከዜሮ በታች 85 ዲግሪ ይሆናል። በሚቀጥለው እርምጃ ደግሞ 177.5 ዲግሪ ይሞቃል። እያንዳንዱ እርምጃ ስሕተቱን እያገላበጠ ያሳድገዋል። ይህ የመደመር ወይም የማባዛት ስሕተት አይደለም፤ ለዘዴው ከሚፈቀደው በላይ የረዘመ እርምጃ መውሰድ ነው።

መፍትሔው የለውጡን ፍጥነት ከእርምጃው መነሻ ሳይሆን ከመድረሻው መውሰድ ሆነ። በዚህ በተገላቢጦሽ የኦይለር ዘዴ በዚያው የ25 ደቂቃ እርምጃ 70 ዲግሪው ለ3.5 ተካፍሎ ብልጫው 20፥ የቡናውም ሙቀት 40 ዲግሪ ይሆናል። እውነተኛው መልስ 25.7 ያህል ስለሆነ ይህም ትክክል ነው አይባልም፤ ነገር ግን ከእውነት አይሸሽም፤ በሚቀጥለው እርምጃም ወደ ክፍሉ ሙቀት ይቀርባል። አሜሪካውያኑ ከርቲስና ሂርሽፌልደር እ.ኤ.አ. በ1952 እንዲህ ያሉትን አስቸጋሪ እኩልዮሾች ለይተው አወጡ። ስዊድናዊው ጀርመንድ ዳልክቪስት በ1963 የትኞቹ ዘዴዎች እንደማይናጉ የሚወስን ጥናት አሳተመ። በዚያው ዓመት የኒው ዚላንዱ ጆን ቡቸር የሩንገና የኩታን ዘዴዎች በአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሥር ማጠቃለል ጀመረ።

8. ይህ ታሪክ ወሎን ስለሚነካበት ሁኔታ

የዚህ ሁሉ ስሌት ዋጋ በወሎ ከሒሳብ ክፍል ያልፋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ የዝናብ መጥፋት በዚህ ምድር ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። የረኃቡ መንስኤ የዝናብ እጥረት ብቻ ባይሆንም፥ የበልግና የክረምት ዝናብ ሁኔታ አስቀድሞ መታወቁ ለእርዳታም ለእርሻም የሚሰጠው ጊዜ ውድ ነው። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቋመ። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የወቅት ትንበያ መስጠት ሲጀምርም የተመረኮዘው በዋናነት ያለፉትን ተመሳሳይ ዓመታት በማነጻጸር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ ታላላቅ ማዕከሎች የከባቢ አየርንና የውቅያኖስን እኩልዮሾች በእርምጃ እያሰሉ የወቅት ትንበያ ያወጣሉ።

የአንበጣ ወረራ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምሳሌ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በምሥራቅ አማራ ብዙ አዝመራ ያጠፋው የበረሃ አንበጣ መንጋ ከንፋስ ጋር በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። መንጋው በአንድ ቦታ ሳለ የሚሄድበት ፍጥነት በዚያ ቦታና ሰዓት ካለው ንፋስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህም በቀጥታ ተራ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመንጋዎቹ አቅጣጫ የተጠቀመበት አንዱ መሣሪያ ሃይስፕሊት የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በመነሻው ንፋስ አንድ የሙከራ እርምጃ ይወስዳል፤ ከዚያም የመነሻውንና የመድረሻውን ንፋስ አማካይ ወስዶ እርምጃውን እንደገና ያሰላል። በሐረጎ ዳገት ላይ ካየነው የሁለት ፍጥነት ስሌት ጋር ቤተሰብ የሆነ፥ ከሆይን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። አንድ የደሴ ተማሪ በወረቀት ሊሠራው የሚችለው ስሌት የገበሬውን ማሳ ለማዳን ከሚሠራው ስሌት የሚለየው በብዛቱ እንጂ በሐሳቡ አይደለም።

9. ለትምህርት የሚሰጠው ፍሬ

በደሴ እንደ ወይዘሮ ስኂን ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ትምህርት ቤት አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ሳይንስና ምህንድስና ያስተምራል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ከባድ ጉዳትም ደርሶበታል። ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር የትምህርት አጥንት ናቸው፤ መተካታቸውም ሊዘገይ የሚገባው ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ከላይ የቀረበው ታሪክ አንድ ነገር ያረጋግጣል። ክሌሮና ለፖት፣ ኦይለርና ሩንገ፣ ሪቻርድሰንም የሠሩት በእጅ ነው። በዚህ ትምህርት ያለው ዋናው እውቀት ማሽን እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም።

ስለዚህ በመምህራን ዘንድ ሊሞከር የሚገባው አቀራረብ የታሪኩን ቅደም ተከተል መከተል ነው። መጀመሪያ የአበቅቴን ስሌት በመሥራት የመነሻንና የደንብን ትርጉም ማስጨበጥ፤ ቀጥሎ የሐረጎን ዳገት በአንድ፣ በሁለትና በሰባት እርምጃ በማስላት የስሕተትን አቀናነስ በዓይን ማሳየት፤ ሦስተኛ የሩንገን የአጋማሽ እርምጃ ማስተማር፤ አራተኛ የስኒውን ቡና በረጅም እርምጃ አስልተው የማይረባ መልስ ሲያገኙ ምክንያቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ማድረግ ነው። የዳገቱ ከፍታ ዝርዝር ከመንገድ ካርታ፥ የግፊትና የሙቀት ልኬት ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ሊገኝ ስለሚችል፥ ተማሪዎች የገመትነውን ቋሚ ሙቀት በእውነተኛው ልኬት ተክተው ስሌቱን ሊያሻሽሉት ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ቀላሉ ቀመር አያገለግልም፤ የእርምጃ ዘዴው ግን ያለ ችግር ይቀጥላል።

በፈተና አወጣጥም ትንሽ ለውጥ ያስፈልጋል። ተማሪው መልሱን ብቻ ሳይሆን እርምጃው ምን ያህል እንደ ነበረ፥ እርምጃውን በግማሽ ሲያሳጥረው መልሱ በስንት እንደ ተለወጠ እና ከዚህ ተነሥቶ ስሕተቱን ምን ያህል እንደሚገምት እንዲጽፍ ቢጠየቅ፥ ቀመር ከመሸምደድ ወደ መመርመር ይሸጋገራል። በደሴ ያለው ግፊት 745.3 ሚሊባር ነው፥ ስሕተቱም ከአንድ ሚሊባር አይበልጥም ብሎ ምክንያቱን የሚያስረዳ ተማሪ፥ ነገ ስለ ዝናብ ወይም ስለ አንበጣ መንጋ የሚሰጥ ትንበያ ሲደርሰው የመተማመኛውን ልክ መጠየቅ ያውቃል።